ከአምስት ወደ ሁለት የወረዱ ጆሮዎች

«‹ይገነዘባል› አይሆንም» አለኝ።

«ለምን አይሆንም?»

«አይለካማ። ተማሪው መገንዘቡን በምን ያውቃሉ? ‹ይዘረዝራል›፣ ‹ያብራራል›፣ ‹በተግባር ያሳያል› የሚል ይጻፉ።»

«እሺ፣ ‹ማንቆርቆሪያ አይወረውርም› ብዬ ልጻፍ?»

«በአሉታ አይጻፍም» አለኝ፣ ፍጹም ከልቡ።

ወይ ጉድ! እንግዲህ የሥልጠናዬን ዓላማ ስጽፍ ይህን የሚለኝ ከዩኒቨርሲቲው የጥራት ማረጋገጫ ቢሮ የመጣ ወጣት ነው። ተማሪዎቹ «ሜትር» ይሉታል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም፤ የወጣለት ቀን ግን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ኮሪደር ወጥቻለሁ። ረጅም ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚዞር። ሰላምታውም ስንብቱም አንድ ነው፤ «ይለካል ወይ?»

እኔ በተማሪዎች አገልግሎት ውስጥ የመነጋገሪያ ክፍሉ አስተባባሪ ነኝ። ክፍሉ ድሮ የሴቶች ዶርም ልብስ መተኮሻ ነበር። ከደረጃው ስር ስለሆነ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ ነው፤ ቁመት ያለው ሰው ካልተጠነቀቀ ራሱን ይገጫል፤ ሜትር በመጣ ቁጥር ይገጫል። ግድግዳው ላይ አንዷ ካውያ አስደግፋ የረሳችበት ጥቁር ምልክት አለ፤ ቀለም ብንቀባውም አልጠፋ ብሎ ትተነዋል። አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ አንዲት ጠባብ መስኮት። ያለን ይኸው ነው።

ሥራችን ደግሞ እንዲህ ነው። ዶርም ውስጥ አብረው የሚኖሩ ልጆች መጣላታቸው አይቀርም፤ መብራት አጥፊ፣ ፎጣዬን ለምን ነካሽ፣ ስልክሽን ውጪ ሄደሽ አውሪ። ሲጣሉ ወደዚህ ይመጣሉ። የሚያነጋግሯቸው እኔ ያሠለጠንኳቸው ትልልቆቹ ተማሪዎች ናቸው። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ መልስ ከመስጠትሽ በፊት የሰማሽውን ትደግሚያለሽ። «ልድገመው፣ እንዲህ ነው ያልሽው፣ ልክ ነኝ?» ትያለሽ። ያችኛዋ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስካላለች ድረስ መልስ የሚባል ነገር የለም። ከተሳሳትሽ እንደገና ትደግሚያለሽ። አሁንም ከተሳሳትሽ እንደገና።

ሲሰሙት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል አይደል? እስቲ ከተናደዱበት ሰው ጋር ይሞክሩት! አንዴ ሁለት ልጆች የአንዲትን አጭር አቤቱታ ልክ አድርገው ለመድገም ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ፈጅተዋል። መጨረሻ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ አብሬ አለቀስኩ። እንባዬ ቅርብ ነው፣ ምን ላድርግ።

ይህ ክፍል ከመከፈቱ በፊት የነበረውን ያየ ያውቀዋል። ፍራሽ በመስኮት ሲወርድ፣ ማንቆርቆሪያ ሲወረወር አይቻለሁ። አንዲት ሚጢጢ የአንደኛ ዓመት ልጅ ከዶርም ጓደኛዋ ጋር መኖር አቅቷት ትምህርቷን ጥላ ስትሄድ ሻንጣዋን እስከ ታክሲ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንደሷ የሄደች የለችም። ይህን ለሜትር ስነግረው አንገቱን በትሕትና ነቀነቀና «ይህ ስሜት ነው፤ ማስረጃ አይደለም» አለኝ። ደሜ ፈላ።

ምን ይደረግ፣ ግሱን ቀየርኩለት። «ሠልጣኙ የሌላውን ሰው ንግግር ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ በትክክልም ይደግማል» ብዬ ጻፍኩ። ሜትር ደስ አለውና መጠይቅ አዘጋጀ። ሠልጣኞቹ በዓመቱ መጀመሪያ ይሞሉታል፣ በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ ደግመው ይሞሉታል፤ ልዩነቱ የተማሩት ነው። አንድ ማለት «በጭራሽ»፣ አምስት ማለት «ሁልጊዜ»። ሠራተኛም ይሞላል ተባለና ለእኔም ደረሰኝ። «ሰዎች ሲያናግሩኝ በትዕግሥት አዳምጣለሁ» ይላል። ይህ ደግሞ ይጠየቃል? እንጀራዬ እኮ ነው! ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት፣ አምስት አድርጌ ወረወርኩለት።

ዓመቱ አለቀ። ልጆቹ ሁለተኛውን ሞሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሜትር መጣ፣ ራሱን ገጨ፣ ግንባሩን እያሸ ተቀመጠና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው።

«ወርዷል» አለኝ።

«ምኑ ነው የወረደው?»

«ሁሉም።»

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ እንጨት የመሰሉ ነገሮች ተገትረዋል። ሰማያዊው የዓመቱ መጀመሪያ ነው፣ ረጅም። ቀዩ የዓመቱ መጨረሻ ነው፣ ግማሹን እንኳን አያክልም። ማዳመጥ ወርዷል። ሳያቋርጡ መስማት ወርዷል። በትክክል መድገም ጭራሽ መሬት ነክቷል።

«እንግዲህ እንዴት ልበልዎት» አለ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆቹ ወደዚህ ክፍል ሲገቡ ያዳምጡ ነበር። ሲወጡ ግን አያዳምጡም። ቁጥሩ የሚለው ይህንን ነው።»

ዓመቱን ሙሉ ለፍቼ አደንቁሬያቸው አረፍኩት!

ሜትር ቀጠለ። ሐሙስ ኮሚቴ አለ፣ የሚመሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ውጤት ማሳየት ያልቻለ ፕሮግራም ይታጠፋል። ክፍሉንም የንብረት ኃላፊው ለፎቶ ኮፒ ማሽን ጠይቆታል። ይህንንስ አውቃለሁ፤ ሰውዬው ባለፈው ሳምንት መለኪያ ይዞ መጥቶ፣ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተላቀሱ፣ «ይቅርታ፣ እግራችሁን አንዴ አንሱልኝ» ብሎ ወለሉን ለክቶ ሄዷል።

ሜትር ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ። «መጠይቁ እስከ ረቡዕ ማታ ክፍት ነው» አለ። «ያልሞላ ወይም ተሳስቶ የሞላ ተማሪ ካለ ማስተካከል ይችላል።» ይህን ብሎ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ፍንጩ ገብቶኛል።

ማታ ቤት ስገባ እሳት ለብሼ ነው። ባለቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሰባ ሕፃን የሚጮህበት መኪና ውስጥ ውሎ ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ዝም ማለት ዕረፍቱ ነው እላለሁ። የዚያን ቀን ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለኝ።

«ስለ መስታወቱ ከሆነ ሰምቻለሁ» አልኩት። ባለፈው ሳምንት የአውቶቡሱን የጎን መስታወት ከትምህርት ቤቱ በር ጋር አጋጭቶ ሰብሮታል፤ የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ስለሚማር ወሬው ከእሱ በፊት ነው ቤት የገባው። «ዕቃ ነው፣ ይተካል። ይልቅ የእኔን ጉድ ስማ!»

ሰማኝ። ስለ ሜትር፣ ስለ ሰማያዊውና ስለ ቀዩ፣ እግር አስነስቶ ወለል ስለሚለካው ሰውዬ፣ አንድም ሳላስቀር ዘከዘክሁለት። ራቱ ቀዘቀዘ። «አቤት! አይ!» እያለ ሰማኝ። ስጨርስ «አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?» አልኩት።

«ይቆይ» አለ። «ደክሞሻል።»

በማግስቱ ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ወንበር አልበቃ ብሎ ግማሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከሁሉም ጎበዟ «ማሚቶ» የምንላት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እንደ ገደል ማሚቶ የተባለችውን ሁሉ ስለምትመልስ ነው ስሙ የወጣላት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቶሎ የማትስቅ፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን የምታይ ልጅ ናት። እሷም መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ከዚያማ ለቀቅሁባቸው። «ምን በደልኳችሁ?» አልኩ። «እኔ ለእናንተ ስል ከስንቱ ጋር ስጋጭ እናንተ አንድና ሁለት እየሞላችሁ ታዋርዱኛላችሁ? ቀልድ መስሏችሁ ነው? ይህ ክፍል እኮ ሊዘጋ ነው! እዚህ ቦታ ማሽን ሊቆም ነው!» አንዱ «እናታችን፣ እኛ…» ብሎ ሲጀምር «ዝም በል!» አልኩት። አንዷ እጇን አወጣች። «አውርጂ!» አልኳት። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ተናገርኩ። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለማንኛውም መጠይቁ እስከ ነገ ማታ ክፍት ነው» አልኩ። «ሁላችሁም ግቡና አስተካክሉት። አራትና አምስት ሙሉ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳችሁም።»

ማሚቶ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ከዚያ በዚያ በለመድኩት፣ እኔው ባስተማርኳት ድምፅ፣

«ልድገመው» አለች።

«ምኑን ነው የምትደግሚው? አሁን የመድገሚያ ሰዓት አይደለም!»

«እናታችን፣ በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ልድገመው። ክፍሉ እንዳይዘጋ ፈርተዋል። እኛ እያሾፍን የሞላን መስሎዎት ከፍቶዎታል። ስለዚህ ክፍሉ እንዲተርፍ ስለራሳችን እውነት ያልሆነ ነገር እንድንሞላ ይፈልጋሉ። ልክ ነኝ?»

ደንቡ ይታወቃል። «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» ማለት አለብኝ። ካልሆነም «አይደለም» ብዬ ማረም አለብኝ። አፌን ከፈትኩ። «አዎ» ልል ነው፤ ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት። ሁሉም ያዩኛል። ያ ግድግዳ ላይ ያለው የካውያ ምልክት ሳይቀር የሚያየኝ መሰለኝ። ያቺ ቃል ግን አልወጣ አለች።

«አይደለም» አልኩ በመጨረሻ። «እሱን ማለቴ አይደለም። ተዉት። አትንኩት።» ደግሞም በጣም ተናድጄ ስለነበር «የማትረቡ!» ብዬ ጨመርኩበት። አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አሁን እኔ ልናገር?» አለች ማሚቶ።

«ተናገሪ እንግዲህ፣ ማን ከለከለሽ!»

«ዓመቱ ሲጀመር አምስት ነው የሞላሁት። ማዳመጥ ማለት የእኔ ተራ እስኪደርስ ዝም ማለት ነበር የሚመስለኝ። ዝም ማለት ደግሞ ድሮም እችላለሁ። እዚህ መጥቼ ስደግም ነው ያልሰማሁትን ያህል ያወቅኩት። ሰው አምስት ነገር ነግሮኝ ሁለቱን ነው የምይዘው፤ ሦስቱን ከራሴ እጨምራለሁ። ስለዚህ ሁለት ሞላሁ። ከዚያ በላይ ብሞላ እዋሻለሁ።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እኔማ አንድ ነው የሞላሁት፣ ከእህቴ ጋር በስልክ ከተጣላሁ በኋላ ስለሆነ» አለ። እኔ ምን ልበል? ለካስ ልጆቹ ተምረዋል! ተምረዋል፣ ስለተማሩም ቁጥራቸው ወረደ፣ ቁጥራቸው ስለወረደም ልንዘጋ ነው። ይህን ጉድ ለማን ነው የማስረዳው?

ረቡዕ ማታ ንግግሬን እያዘጋጀሁ ባለቤቴ ስልኩን ከአፍንጫው ጋር አጣብቆ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«መነጽር ግዛ ብዬህ አልነበር?» አልኩት።

«እሱን ነው እኮ ልነግርሽ የ…»

«ነገ ኮሚቴ አለብኝ! ነገ ማታ ንገረኝ፣ ቃሌ ነው።» እጁን አንስቶ እሺ አለ። እኔም ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ ደረሰ። የስብሰባ አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ የታሸገ ውሃ፣ ማንም የማይከፍተው መጋረጃ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራስጌ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ስብሰባ የበዛበት ሰው ናቸው። የንብረት ኃላፊው የማሽኑን ስፋትና ቁመት ጽፎ መጥቷል። ሜትር በፕሮጀክተሩ ሰማያዊና ቀዩን ግድግዳው ላይ ለቀቀው። በትልቁ ሲታይ ደግሞ ይብሳል።

ተነስቼ ቆምኩ። «ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ይህ ቁጥር የወረደው…»

«ስንት ተማሪ ነው የምታገለግሉት?» አሉ ስልካቸውን እያዩ።

መለስኩ። «እና ቁጥሩ የወረደው ልጆቹ መጀመሪያ ላይ…»

«ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በቀን የዚህን እጥፍ ያገለግላል» አለ የንብረት ኃላፊው።

«ጨርሼ ልናገር! ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ስለ ማዳመጥ…»

«ባጭሩ» አሉ ምክትሉ፣ «ወርደዋል ማለት ነው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አይደለም» አልኩ። «አንዴ እናገራለሁ። ከዚያ የፈለጋችሁትን ትወስናላችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ያልኩትን ትደግሙልኛላችሁ። ክፍላችን ውስጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች የሚያደርጉት ነው፤ እናንተ አያቅታችሁም።»

ምክትሉ ስልካቸውን ገለበጡት። ከሥራ የተባረርኩ መሰለኝ። የመጣው ይምጣ ብዬ ቀጠልኩ።

«ልጆቹ በመጀመሪያ አምስት የሞሉት ማዳመጥ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው። አሁን ሁለት የሞሉት ስላወቁ ነው። የወረደው ማዳመጣቸው አይደለም፣ ስለራሳቸው የነበራቸው ግምት ነው። አምስት ሙሉ ብያቸው ነበር፣ እምቢ አሉኝ። ክፍሉን ከዘጋችሁ የምትዘጉት እውነቱን ስለነገሯችሁ ነው። ይኸው ነው። አሁን ይድገሙልኝ።»

ምክትሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እ… ልጆቹ በራስ መተማመናቸው ቀንሷል ነው የሚሉት።»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መጠይቁ ስህተት ነው ነው የሚሉት።»

«እሱንም አላልኩም።»

የንብረት ኃላፊው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። አለቀልን አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ከወደ ጥግ፣ ከፕሮጀክተሩ ጎን፣

«ልድገመው» አለ ሜትር።

ዞር አልኩ። ላፕቶፑን ዘግቶታል። «ልጆቹ አምስት የሞሉት ማዳመጥ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው፤ ሁለት የሞሉት ስላወቁ ነው። የወረደው ማዳመጣቸው ሳይሆን ስለራሳቸው የነበራቸው ግምት ነው። አምስት እንዲሞሉ ጠይቀዋቸው እምቢ ብለዋል። ከዘጋነው የምንዘጋው እውነት በመናገራቸው ነው። ልክ ነኝ?»

አንዲት ቃል አልሳተም። ያ ሁሉ ወር በጆሮው ሳይሆን በማስመሪያ የሚሰማ የመሰለኝ ልጅ!

«አዎ» አልኩ። «እሱን ነው ያልኩት።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሜትር ነው። ጥፋቱ የመጠይቁ ሳይሆን የጠየቅነው ሰው ነው አላቸው። ሰው ስለራሱ ጆሮ ሲጠየቅ በማወቁ ልክ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ አብሮት የሚኖረው ይጠየቅ። የዶርም ጓደኛው «ይህ ሰው ሳናግረው ይሰማኛል ወይ?» ተብሎ ይሙላ። «ይለካል» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱ በርቶ።

ምክትሉ ለአንድ ዓመት ፈቀዱ። የንብረት ኃላፊው «ማሽኑስ?» ሲል «ኮሪደር ላይ ይቁም» ተባለ። ስንወጣ ሜትርን ደረጃው ላይ ያዝኩትና «ለምን ታዲያ እስከ ረቡዕ አስተካክሉ ብለህ ፍንጭ ሰጠኸኝ? ልትፈትነኝ ነው?» አልኩት፤ «እርስዎ» ማለቱንም ረስቼዋለሁ።

«የምን ፍንጭ?» አለ ግራ ተጋብቶ። «ለሁሉም ክፍል የምለው እኮ ነው።»

«ወደ መስኮቱ ያየኸውስ?»

«ርግብ ነበረች።»

ይህን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ልሄድ ስል ደግሞ ጠራኝና ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። አዲሱ መጠይቅ በሠራተኛም ይሞከራል፣ አብሮኝ የሚኖር ሰው ይሙላልኝ። «እርስዎ የመጀመሪያዋ ይሁኑ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ጭራሽ! ድሌን እንኳን በሰላም እንዳላጣጥማት!

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። የሆነውን ነገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ ደስ አለው፣ እጄን ሳመኝ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከፊቱ አስቀመጥኩ። «በል፣ ሙላልኝ። አምስቱ የት እንዳለ አሳይሃለሁ።»

እስክሪብቶውን አነሳው፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረበው፣ አራቀው፣ መልሶ አስቀመጠው። «አንቺ አንብቢልኝ» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ መነጽር…» ብዬ ጀምሬ ፊቱን አየሁት። ከምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ የጀመርኩትን ተውኩት። ወረቀቱን ወስጄ አነበብኩለት፤ «አብራችሁ የምትኖሩት ሰው ስታናግሩት ይሰማችኋል?»

«መልሱን ልናገር?» አለ። «ሳታቋርጪኝ?»

«ተናገር።»

እስክሪብቶውን በጣቱ እያንከባለለ ነው የተናገረው። «የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ከጎን የሚመጣው ነገር እየጠፋብኝ ነው። መስታወቱ በሩን የመታው ለዚህ ነው። መነጽር አይመልሰውም፣ ከእንግዲህ መኪና አትንዳ አለኝ። ቁልፉን ሰኞ መልሻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት የምወጣው ሥራ ልሄድ ሳይሆን መናፈሻ ልቀመጥ ነው። ልነግርሽ ስል ደግሞ… ያው። ፈራሁ።»

አፌ ላይ የመጣው ሁሉ መልስ ነበር። የትኛው ሐኪም ነው? ለምን ብቻህን ሄድክ? ሌላ ሐኪም እናሳያለን! የአክስቴ ልጅ ሆስፒታል ትሠራለች! ለምን አልነገርከኝም? ይህችኛዋ ልትወጣ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ መለስኳት። ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ልድገመው» አልኩ። «ከጎን የሚመጣው አይታይህም። መነጽር አይረዳም። አውቶቡስ መንዳት አቁመሃል፣ ቁልፉንም መልሰሃል። ከሰኞ ጀምሮ መናፈሻ ነው የምትውለው። ልትነግረኝ ሞክረህ አላስናገርኩህም። ልክ ነኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ነገር ቀርቶሻል» አለ።

እንደገና ከመጀመሪያው አስታወስኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ከዚያ አገኘሁት።

«ደግሞም ፈርተሃል» አልኩት።

«አዎ» አለ ባለቤቴ። «እሱን ነው ያልኩት።»